መርፌና ግርሻ፤ ስለ አንድ የትኩሳት በሽታ የሕዝቡ አስተያየትና በአዲስ አበባ የተደረገው የሕክምና ምርምር

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአዲስ አበባ ሕዝብ ዘንድ ዘወትር የሚነገረውን አንድ አስተያየት፣ ይኸውም «አንዳንድ በሽታ መርፌ አይወድም» የሚለውን፣ በዚሁ ከተማ በሚገኙ ሆስፒታሎች ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ከተደረገው የሕክምና ምርምር ጋራ አስተያይቶ መመርመር ነው። አስተያየቱ በተማሩት ሰዎች ዘንድ እንደ ተራ አጉል እምነት ይቈጠራል፤ ሕዝቡ ግን በዐይኑ ያየው ነገር ስለ ሆነ በቀላሉ አይተወውም። ጸሐፊው እዚህ ላይ ለማስረዳት የሚሞክረው፣ ቢያንስ በአንድ በሽታ ረገድ ሕዝቡ ያየው ነገር እውነት እንደ ሆነ፣ ካየው ነገር ያወጣው ፍርድ ግን ትክክል እንዳልሆነ፣ ይህንም ለይቶ ያሳየው በዚችው ከተማ የተደረገው ምርምር እንደ ሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩. ስለ ሰፈሩና ስለ በሽታ ስሞች

ወሎ ሰፈር ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። የአዲስ አበባ ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት አንዳንዶቹ ከመኳንንት፣ እንደ ራስ ካሣ ሰፈር፤ አንዳንዶቹ ከነዋሪዎቻቸው ተግባር፣ እንደ ሠራተኛ ሰፈር፤ አንዳንዶቹም ከአገር ስም፣ እንደ ጎጃም በረንዳና እንደ ወሎ ሰፈር ነው። እንግዲህ የከተማዪቱ የስም መዝገብ ራሱ የስደትና የሰፈራ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። ከደጋው አገር ወደ ከተማ የመጣው ሰው ጓዙን፣ ቋንቋውንና ማኅበሩን ብቻ ሳይሆን ስለ በሽታ ያለውን ዕውቀትና የበሽታዎችን ስም ጭምር ይዞ መጥቷል። ስለዚህ የደጋው ሕዝብ ትኩሳትን እንዴት እንደሚለይ ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ሁልጊዜ ወደ ገጠር መውረድ አያስፈልገውም፤ እንደዚህ ባለው ሰፈር ውስጥ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ባሉት ግቢዎች ያገኘዋል።

በሕዝቡ ዘንድ ትኩሳት አንድ በሽታ አይደለም። ሰው ከፀሐይ ውሎ ወይም ላብ ሳይደርቅለት ነፋስ ገብቶት በድንገት ቢተኵስና ከንፈሩ ላይ ቢወጣበት «ምች መታው» ይባላል፤ ዳማ ከሴ ተጨምቆ ይሸተታል፣ ገላውም ይታሻል። ከቈላ ወርዶ የተመለሰ ሰው እየተንቀጠቀጠ ቢተኵስ «ንዳድ» ወይም «ወባ» ነው። የዐይኑ ነጭ ቢጫ ቢሆን «የወፍ በሽታ» ይባልና ወደ አገር ባህል መድኀኒት ዐዋቂ ይወሰዳል። ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ እየተኰሰ ቢወድቅ፣ በተለይም በረኃብና በጦርነት ዘመን፣ «ተስቦ ገባ» ይባላል። በመጨረሻም፣ ድኖ የነበረው ሰው ከጥቂት ቀን በኋላ እንደ ገና ቢወድቅ «አገረሸበት» ይባላል፤ በሽታውም «ግርሻ» ነው።

በነዚህ ስሞች ላይ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። የመጀመሪያው፣ ስሞቹ የተሰጡት በሚታየው ምልክትና በሁኔታው ላይ ተመሥርቶ ነው እንጂ፣ እንደ ዘመናዊው ሕክምና በሽታውን በሚያመጣው ረቂቅ ተሐዋሲ አይደለም። ስለዚህ አንዱ የሐኪም በሽታ በሕዝቡ ዘንድ ሦስት ወይም አራት ስም ሊኖረው ይችላል። ሁለተኛውና ዋናው፣ ስሙ መታወቂያ ብቻ ሳይሆን መንገድ መሪም ነው። «ወባ ነው» የተባለ ሰው ወደ ሐኪም ይሄዳል፤ «የወፍ በሽታ ነው» ወይም «ምች ነው» የተባለው ግን መርፌ እንዳይወጋ ይከለከላል። እንዲሁም አባ ሰንጋ የያዘውን ሰው መርፌ ይገድለዋል፣ ኩፍኝ የወጣበትንም ልጅ መርፌ ይጎዳዋል የሚለው አሳብ በሰፊው የታወቀ ነው። በቤተ ሰብ ሸንጎ ላይ የሚሰጠው ስም የሕመምተኛውን ዕድል የሚወስንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

፪. በሽታው ምንድር ነው?

ሐኪሞች በቅማል የሚተላለፍ ተመላላሽ ትኩሳት የሚሉት በሽታ ከዚህ በላይ የተዘረዘሩትን ስሞች ሁሉ በየተራ ሊቀበል የሚችል ነው። በድንገት በብርድና በከባድ ትኩሳት ይጀምራል። ራስን፣ መገጣጠሚያንና የባትን ጡንቻ አጥብቆ ያማል። ጉበትና ጣፊያ ያብጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ነስር ይፈሳል፤ ከሕመምተኞቹም አያሌዎቹ ዐይናቸው ቢጫ ይሆናል። አምስት ወይም ስድስት ቀን ያህል ከቈየ በኋላ ሕመምተኛው በብርቱ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ እጅግ ይወጣል፣ ከዚያም በላብ ተጠምቆ ይበርዳል። ይህን ያለፈ ሰው የዳነ ይመስላል። ነገር ግን ከሳምንት ያህል በኋላ ያው ትኩሳት ይመለሳል።

የበሽታው ምክንያት ቦሬሊያ ሬኩሬንቲስ የሚባል፣ እንደ ጠመዝማዛ ክር ያለ ረቂቅ ተሐዋሲ ነው። እንዲህ ያለውን ተሐዋሲ በሕመምተኞች ደም ውስጥ አይቶ በ1873 በበርሊን ያስታወቀው ጀርመናዊው ሐኪም ኦቶ ኦበርማየር ነው። በሽታውን ከሰው ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ቅማል መሆኑን ማኪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1907 በሕንድ አገር ሲያመለክት፣ የመተላለፊያውን መንገድ ደግሞ ሻርል ኒኮልና ባልደረቦቹ በ1912 በቱኒስ ገለጡ።

የኒኮል ግኝት ለእኛ ጉዳይ ልዩ ዋጋ አለው። በሽታውን የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው፤ የራስ ቅማል በዚህ ረገድ ያለው ድርሻ ይህን ያህል አይደለም። የልብስ ቅማል ቅጫሙን የሚያኖረው በልብስ ስፌትና እጥፋት ውስጥ ሲሆን፣ ወደ ገላ የሚወጣው ደም ለመምጠጥ ብቻ ነው። ከሕመምተኛ ደም የጠጣ ቅማል ተሐዋሲውን ወደ ሰውነቱ ፈሳሽ ያስገባል፤ እዚያም ይባዛል። ነገር ግን ተሐዋሲው ወደ ምራቁ ስለማይሄድ ቅማሉ በመንከሱ ብቻ በሽታውን አያስተላልፍም። የሚያስተላልፈው ሲፈርጥ ነው። ሰው ሲያክ ወይም በሁለት አውራ ጣቶቹ ጥፍር መካከል ሲደፈጥጠው፣ ፈሳሹ በተቧጨረው ቆዳ ወይም ዐይንን በማሸት ወደ ሰውነት ይገባል። እንግዲህ ሰው ራሱን ከቅማል ለማዳን የሚያደርገው እጅግ የተለመደ ሥራ፣ በፀሐይ ተቀምጦ ልብስን ቀምሎ በጥፍር መግደል፣ የበሽታው መግቢያ በር ሊሆን ይችላል።

ከዚህም የበሽታው ጊዜና ቦታ ይከተላል። በሽታው የሚበዛው በክረምት ነው፤ ልብስ አጥቦ ማድረቅ ሲያዳግት፣ ሰውም ከብርድ የተነሣ ያለውን ልብስ ሁሉ ደራርቦ ሲለብስና በአንድ ክፍል ተጠጋግቶ ሲያድር። የሚያጠቃውም የቀን ሠራተኛውን፣ ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጣውን ወጣት፣ እስረኛውን፣ በጦር ሰፈር ያለውን ወታደርና ስደተኛውን ነው። በአውሮፓ ከ1ኛውና ከ2ኛው የዓለም ጦርነት ጋራ ተያይዞ እጅግ ብዙ ሕዝብ ያጠቃው ይኸው በሽታ፣ የኑሮው ሁኔታ ሲሻሻል ከዚያ ጠፍቶ፣ ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ ዋና መኖሪያው የኢትዮጵያ ደጋና ጎረቤቶቹ አገሮች ሆነ።

፫. በሽታውን ስለ መለየት

ሐኪሙ ይህን በሽታ ከወባ፣ ከታይፎይድ፣ ከታይፈስና ከጉበት በሽታ በምልክት ብቻ ሊለየው አይችልም። መለያው የደም ምርመራ ነው። ትኩሳቱ ባለበት ሰዓት ከጣት የተወሰደ የደም ጠብታ በብርጭቆ ላይ ተቀብቶና ጊምሳ በሚባለው ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ጠመዝማዛዎቹ ተሐዋስያን በደም ሴሎች መካከል ይታያሉ። የወባ ተሐዋሲ የሚፈለገውም በዚሁ ብርጭቆ ላይ ስለ ሆነ፣ አንድ ትጉህ የላቦራቶሪ ሠራተኛ በአንድ ምርመራ ሁለቱን በሽታዎች ሊለያቸው ይችላል። ነገር ግን ተሐዋስያኑ በብዛት የሚታዩት ትኩሳት ባለበት ጊዜ ነው፤ ትኩሳቱ በበረደበት ሳምንት የተወሰደ ደም «ምንም የለበትም» ሊያሰኝ ይችላል።

እዚህ ላይ በከተማችን ስለ ተለመደ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ትኩሳት ያለበት ሰው ወደ ክሊኒክ ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚደረግለት የዊዳልና የዋይል ፌሊክስ ምርመራ ነው፤ ከዚያም «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ ይወጣል። የመጀመሪያው ምርመራ ከ1896፣ ሁለተኛው ከ1916 ጀምሮ የታወቁ ናቸው። ሁለቱም የሚለኩት ሰውነት በሽታን ለመከላከል ያወጣውን ነገር ነው እንጂ ተሐዋሲውን ራሱን አይደለም። ቀድሞ በሽታው የያዘው፣ የተከተበ ወይም ሌላ ትኩሳት ያለበት ሰው ሊኖረው የሚችለው ምልክት ስለ ሆነ፣ በሽታዎቹ በበዙበት አገር አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ ምርመራ ብዙ አያስረዳም። ስለዚህ «ታይፎይድና ታይፈስ» የሚለው ቃል በከተማ ሰው አፍ ውስጥ ከ«ምች» ብዙ የማይለይ የሁኔታ ስም ሆኗል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ከላቦራቶሪ የወጣ ስም ሁሉ ስለ ምክንያቱ የተረጋገጠ ዕውቀት ነው ማለት አይደለም። የባህል ተመራማሪ የሕዝቡን ስሞች እንደሚመረምር ሁሉ የክሊኒኩንም ስሞች መመርመር ይኖርበታል።

፬. በአዲስ አበባ የተደረገው ምርምር

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ በ1964 ከተቋቋመ በኋላ፣ በፋኩልቲው ያስተምሩና ያክሙ የነበሩ ሐኪሞች ስለዚህ በሽታ ሰፊ ጥናት አደረጉ። አንቶኒ ብራይሰን፣ ኤልድሪድ ፓሪ፣ ፒተር ፔራይን፣ ዴቪድ ዋረልና ባልደረቦቻቸው በ1970 ያሳተሙት የ62 ሕመምተኞች ጥናት እስካሁን መሠረታዊ ሥራ ሆኖ ይጠቀሳል። ከጥናቱ ዋና ነገሮች አንዱ፣ ሕመምተኛው መድኀኒት ከወሰደ በኋላ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ የሚደርስበት ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕመምተኛው ቴትራሳይክሊን ወይም ፔኒሲሊን ከተሰጠው በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በብርቱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ትኩሳቱ ከነበረበት እጅግ ከፍ ይላል፤ አንዳንድ ጊዜም 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ይቃዣል፣ ትንፋሹና የልቡ ምት ይፈጥናሉ። ከዚያ በኋላ ላብ ይወርደዋል፣ የደም ግፊቱም ይወድቃል፤ ልቡም ሊደክም ይችላል። በዚህ ሰዓት ሕመምተኛው ተነሥቶ ለመቆም ቢሞክር ወድቆ ሊሞት ይችላል። ይህን ካለፈ ግን ተሐዋስያኑ ከደሙ ይጠፋሉ፤ እርሱም ይድናል። ሐኪሞች ይህን ሁኔታ የያሪሽና የሄርክስሃይመር አጸፋ ይሉታል፤ ስሙን ያገኘው በ1895ና በ1902 በቂጥኝ ሕመምተኞች ላይ ተመሳሳዩን ካስተዋሉት ሁለት የቆዳ ሐኪሞች ነው።

ሕክምና ያላገኘ ሕመምተኛ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን የሚደርስበት መንቀጥቀጥና ላብ ከዚህ አጸፋ ጋራ እጅግ ይመሳሰላል። መድኀኒቱ ያመጣው እንግዳ ነገር ሳይሆን፣ በሽታው ራሱ በተፈጥሮ የሚያደርገውን አፋጥኖ በሐኪሙ ሰዓት ያመጣው ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የተነሣው ጥያቄ አጸፋውን እንዴት መከላከል ይቻላል የሚል ነበር። በመጀመሪያ የተሞከረው መድኀኒቱን መለወጥ ነው። በቀስታ የሚሠራ ፔኒሲሊን ተሐዋስያኑን ከደም የሚያስወግደው ቀስ በቀስ ስለ ሆነ አጸፋው አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል፤ ነገር ግን በሽታው የማገርሸቱ ዕድል ይበዛል። ቴትራሳይክሊን ግን ፈጥኖ ያነጻል፣ ግርሻንም ይከላከላል፤ አጸፋው ግን ይበረታል። ሐኪሙ ከሁለት ችግሮች አንዱን መምረጥ ነበረበት። ፔራይንና ተክሉ በ1983 በ377 ሕመምተኞች ላይ የልዩ ልዩ አንቲባዮቲኮችን ውጤት አስተያይተው አሳተሙ።

ሁለተኛው መንገድ አጸፋውን በሌላ መድኀኒት ማብረድ ነበር። ሃይድሮኮርቲዞንና ትኩሳት ማብረጃ ተሞከሩ፤ በ1978 የታተመው የበትለርና የባልደረቦቹ ጥናት እንዳሳየው የሙቀቱን መጠን ቢቀንሱም አጸፋውን አላስቀሩትም። ሜፕታዚኖል የተባለ የሕመም ማስታገሻ አጸፋውን እንደሚያቃልል በ1983 ተክሉ፣ ዋረልና ባልደረቦቻቸው አስታወቁ።

ሦስተኛው መንገድ የአጸፋውን ምክንያት መፈለግ ነው። በ1992 ንጉሤና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ አጸፋው በሚደርስበት ሰዓት በሕመምተኛው ደም ውስጥ ቲ ኤን ኤፍና ኢንተርሉኪን የተባሉት ንጥረ ነገሮች እጅግ ከፍ እንደሚሉ ታየ። እነዚህ ንጥረ ነገሮች የተሐዋሲው መርዝ ሳይሆኑ፣ ሰውነት ራሱ ተሐዋሲውን ለመዋጋት የሚያወጣቸው መልእክተኞች ናቸው። ብዙ ተሐዋሲ ባንድ ጊዜ ሲሞት መልእክተኞቹ ከልክ በላይ ይበዛሉ፤ ሰውነትም በራሱ መሣሪያ ይጎዳል። ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው ይህን ለመፈተን ቲ ኤን ኤፍን የሚይዝ፣ ከበግ ደም የተዘጋጀ ፀረ አካል ከፔኒሲሊኑ በፊት ለሕመምተኞች ሰጡ። በ1996 በታተመው ውጤት መሠረት ከተመረመሩት 49 ሕመምተኞች መካከል ፀረ አካሉን ካገኙት 20 ሰዎች አጸፋው የደረሰባቸው 10 ሲሆኑ፣ ካላገኙት 29 ሰዎች ግን 26ቱ ላይ ደርሷል። ጥናቱ የተደረገው ማን የትኛውን እንዳገኘ ሕመምተኛውም ሐኪሙም ሳያውቁ በዕጣ ተለይቶ ስለ ሆነ፣ ውጤቱን በአጋጣሚ ወይም በሐኪሙ ምኞት ማሳበብ አይቻልም።

በ1994 ደግሞ ተሐዋሲውን ከሰውነት ውጭ በላቦራቶሪ ማብቀል ለመጀመሪያ ጊዜ ተቻለ፤ በ2008 የተነበበው የተሐዋሲው ሙሉ የዘር መዝገብም የተገኘው ከኢትዮጵያዊ ሕመምተኛ ከተወሰደ ናሙና ነው። በሽታው የሚያገረሽበትም ምክንያት ተገልጧል፦ የቦሬሊያ ወገን ተሐዋስያን በላያቸው ያለውን ፕሮቲን ስለሚለዋውጡ፣ ሰውነት የመጀመሪያውን መልክ ለይቶ ካጠፋ በኋላ መልኩን የለወጠው ቅሪት እንደ ገና ይባዛል። ሕዝቡ ግርሻን የሚያሳብበው ሕመምተኛው ሳይጠና ወደ ሥራ በመውጣቱ፣ ፀሐይ በመመታቱ ወይም የማይስማማውን ምግብ በመብላቱ ነው። ይህ አስተያየት ያገገመውን ሰው ማሳረፉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሽታው የሚመለስበትን ምክንያት አያስረዳም፣ ለተመለሰበትም ሰው ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርግበታል።

፭. ስለ መርፌ የሚነገረው

አሁን ወደ ተነሣንበት ነገር እንመለስ። አንድ ቤተ ሰብ ለአምስት ቀን በትኩሳት የቈየውን ልጁን ወደ ሐኪም ይወስዳል። ልጁ ደካማ ቢሆንም ይናገራል፣ ውሃም ይጠጣል። መርፌ ይወጋል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል፣ ያልበዋል። በዚያ ሰዓት ተነሥቶ ወደ ቤቱ ቢወሰድ በመንገድ ሊወድቅ ይችላል። ይህን ያየ ሰው «መርፌው ገደለው» ቢል ያላየውን ተናገረ ሊባል አይችልም። ከመርፌው በኋላ ባሰበት፤ የባሰበትም በመርፌው ምክንያት ነው። እስከዚህ ድረስ የሕዝቡ ቃልና የ1970ው ጥናት ይስማማሉ።

የሚለያዩት በፍርዱ ላይ ነው። በሽታው ሳይታከም ሲቀር ከ100 ሕመምተኞች ከ10 እስከ 40 የሚሆኑት እንደሚሞቱ፣ ሲታከም ግን ይህ ቍጥር ከ2 እስከ 5 እንደሚወርድ በሕክምና መጻሕፍት ተመዝግቧል። አንድ ቤተ ሰብ የሚያየው አንድ ሕመምተኛ ነው፤ መርፌ ሳይወጋ የሞተውን «ቀኑ ደረሰ» ይለዋል፣ ተወግቶ የሞተውን ግን «መርፌ ገደለው» ይለዋል። ብዙ ሕመምተኞችን ባንድነት ቈጥሮ ሁለቱን ወገኖች ማስተያየት ከቤተ ሰብ ዐቅም በላይ ነው። የሕክምና ምርምር ከሕዝብ ዕውቀት የሚለየው በዚህ ነው፤ በማስተዋል ሳይሆን በመቍጠር።

በዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ «በሽታው መርፌ አይወድም» የሚለው እምነት ሁሉ ከዚህ አጸፋ የመጣ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። እምነቱ ይህ አጸፋ በማይታይባቸው በሽታዎችም ላይ ይነገራል። አባ ሰንጋ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው፤ በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ሰውን የሚያድንበት በሽታ ሆኖ ሳለ፣ በእምነቱ ምክንያት ሕመምተኞች ዘግይተው ወደ ሆስፒታል ይደርሳሉ። ዘግይቶ የመጣ ሰው ተወግቶም ይሞታል፤ ሞቱም እምነቱን ያጸናዋል። ስለዚህ በአንዱ በሽታ እውነት የሆነው ነገር በሌላው ላይ ሲነገር ሕይወት ያጠፋል።

ሁለተኛ፣ እምነቱ የጥንት ባህል መስሎ ቢታይም ከመርፌው የሚቀድም ሊሆን አይችልም። መርፌ በአገራችን የታወቀው በዘመናዊ ሕክምና ምክንያት ስለ ሆነ፣ ይህ አሳብ ሕዝቡ በአዲስ ነገር ላይ ያደረገው አዲስ አስተያየት ነው። ከፔኒሲሊን በፊት ለቂጥኝና ለዚሁ ትኩሳት በዓለም ሁሉ በመርፌ ይሰጡ የነበሩት ከአርሴኒክ የተሠሩ መድኀኒቶችም ተመሳሳይ አጸፋ ያመጡ እንደ ነበር ማስታወስ ይጠቅማል። እንግዲህ «ባህል» የምንለው ሁሉ ከአባቶች እንዳለ የተወረሰ አይደለም፤ ሕዝብ በየጊዜው የሚያየውን በቀደመው የአሳብ መልክ እየተረጐመ አዲስ ባህል ይሠራል። ለማኅበረ ሰብ ጥናት ተማሪዎች ይህ ነጥብ ራሱን የቻለ የምርምር ርእስ ነው።

ከዚህ ለሐኪሙ የሚተርፈው ትምህርት ቀላል ነው። መርፌውን ከመውጋቱ በፊት ለሕመምተኛውና ለአስታማሚው «ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱም ይጨምራል፤ ይህ በሽታው ሲለቅ የሚሆን ነው፤ እስከ ነገ ከአልጋው እንዳይነሣ፤ ውሃም ስጡት» ብሎ ቢናገር፣ ያስፈራ የነበረው ነገር የመዳን ምልክት ይሆናል። ሕመምተኛውን ለ24 ሰዓት ያህል አስተኝቶ መጠበቅ፣ የደም ግፊቱን መከታተልና ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት ከማንኛውም ውድ መድኀኒት ይልቅ በየትም የሚቻል ነው። ዝም ብሎ ወግቶ የሚያሰናብት ግን በአንድ ሰዓት ሁለት ጉዳት ያደርሳል፤ ሕመምተኛውን አደጋ ላይ ይጥላል፣ በሰፈሩም ውስጥ ለብዙ ዓመት የሚነገር ምስክር በሕክምናው ላይ ያቆማል።

፮. ስለ ዛሬው ሁኔታና ስለ ቀረው ሥራ

በሽታው በአዲስ አበባ እንደ ቀድሞው የሆስፒታል አልጋዎችን አይሞላም። ነገር ግን ጠፍቷል ማለት አይቻልም። በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው አውሮፓ በደረሱ ወጣት ስደተኞች ላይ በሽታው ሲገኝ፣ የዚያ አገር ሐኪሞች ከመጻሕፍት ብቻ የሚያውቁትን ነገር በዐይናቸው አዩ። በ2016 ከሐምሌ እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ደግሞ በአርሲ ዞን በከተማ ነዋሪዎች መካከል መቀስቀሱ ተመዝግቦ በ2018 ታትሟል። በሽታውን ለማየት ያልለመደ የላቦራቶሪ ሠራተኛ በብርጭቆው ላይ ወባን ብቻ ፈልጎ ካጣው በኋላ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ የሚታለፍ ሕመምተኛ እንዳይኖር መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በወሎ ሰፈርና በቦሌ አካባቢ ረጃጅም ሕንፃዎች ተሠርተዋል፤ ሕንፃዎቹን የሚሠሩት የቀን ሠራተኞች ግን አያሌዎቹ ከገጠር የመጡ፣ የቤት ኪራይን ተካፍለው በአንድ ክፍል ብዙ ሆነው የሚያድሩ ናቸው። ለቅማል ከሕንፃው ከፍታ ይልቅ የልብሱ ቍጥርና የመኝታው ስፋት ነው የሚያስፈልገው። የልብስ ቅማል ልብሱ ተለውጦ ያለ ሰው ገላ ሲቀር በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል፤ ልብስን ማፍላት ወይም በጋለ ካውያ ስፌቱን መተኰስ ቅጫሙን ጭምር ያጠፋል። በጥፍር ከመግደል ይህ እንደሚሻል፣ ምክንያቱን ጨምሮ፣ ለሠራተኞች ማስረዳት አስቸጋሪ አይደለም። አስቸጋሪው አንድ ልብስ ብቻ ላለው ሰው «ልብስህን ለውጥ» ብሎ ማዘዝ ነው።

በመጨረሻም አንድ ያልተመለሰ ጉዳይ አለ። ከ1960ዎቹ እስከ 1990ዎቹ በአዲስ አበባ የተደረጉት ጥናቶች ስለ አንድ የድኾች በሽታ ብቻ አላስተማሩም። የዓለም ሐኪሞች ትኩሳት እንዴት እንደሚነሣ፣ የደም ግፊት በኢንፌክሽን ምክንያት እንዴት እንደሚወድቅ፣ ሰውነትም በራሱ መከላከያ እንዴት እንደሚጎዳ የተማሩት በከፊል ከነዚህ ሕመምተኞች ነው፤ ምክንያቱም በሌላ በሽታ መቼ እንደሚደርስ የማይታወቀው ነገር በዚህ በሽታ ከመርፌው በኋላ በታወቀ ሰዓት ስለሚደርስ በቅርብ ሊመረመር ይችል ነበር። ሆኖም የ1996ቱ ፀረ አካል የዘወትር መድኀኒት አልሆነም፤ ለሕመምተኞቹ ወገኖች የቀረላቸው የቀድሞው ፔኒሲሊንና ቴትራሳይክሊን ነው። ደማቸውን ለዕውቀት የሰጡት የቀን ሠራተኞች ስማቸው በጥናቶቹ ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። የሚገባው ግን ከነርሱ የተገኘው ዕውቀት ወደ ሰፈራቸው፣ በሚገባቸው ቋንቋ፣ ተመልሶ መድረሱ ነው።

ይህን ለማድረግ ሐኪሙ ብቻውን አይበቃም። ሐኪሙ አጸፋው በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ያውቃል፤ ቤተ ሰቡ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚል፣ በሽታውን በምን ስም እንደሚጠራው፣ ከስሙም የተነሣ ወዴት እንደሚወስደው ለማወቅ ግን የቋንቋና የባህል ተመራማሪ ያስፈልገዋል። «ግርሻ»፣ «ተስቦ»፣ «የወፍ በሽታ» የሚሉት ቃላት በየአውራጃው ምን ምን ምልክት እንደሚያጠቃልሉ፣ የትኞቹስ በሽታዎች «መርፌ አይወዱም» እንደሚባሉና ለምን እንደ ሆነ በጥንቃቄ ቢሰበሰብ፣ ሥራው ለመዝገበ ቃላት የሚጠቅመውን ያህል ለሆስፒታልም ይጠቅማል። ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ ሲፈልጉ ይህን ቢያስቡበት መልካም ይሆናል።